ፎቶው ላይ ያለው የዓሣ ጫጩት አይደለም

ማክሰኞ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ ብዙዎቻችሁ "የዓሣ ጫጩት ነው ወይ?" ብላችኋል። አይደለም። የቢልሃርዚያ እጭ ነው፤ ልጆች ከሚዋኙበት የመስኖ ኩሬያችን ከተለቀመ ቀንድ አውጣ የወጣ።

እንዴት እንዳነሳነው ልንገራችሁ። የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ጓንት አድርጎ ቀንድ አውጣዎቹን ንጹህ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተና ፀሐይ ላይ አስቀመጠ። እጩ ብርሃን ሲያገኝ ይወጣል። ቀትር አካባቢ ከውሃው አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ስር አደረግንና የስልኬን ካሜራ ማያው ላይ ደገንኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ! እጅ ትንሽ ከተነቃነቀ ስክሪኑ ይጨልማል፤ እጩም ቆሞ አይጠብቅም፣ ይምዘገዘጋል። በመጨረሻ በቪዲዮ ቀርጸን ጥርት ያለውን ምስል መረጥን። ጭራው ጫፉ ላይ እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ መሆኑን ልብ በሉ።

አልቅትን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ከከብት አፍ ስትወጣ በዓይናችን እናያታለን። ይሄኛው ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ውሃው ኩልል ያለ ቢሆንም ይኖርበታል። "ውሃውን አልጠጣሁትም" ማለትም አያድንም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል። በብዛት የሚወጣው ደግሞ በቀትር ነው። ልጆቻችን ከብት አጠጥተው የሚዋኙት መቼ እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

አንድ አባት ፎቶውን ሳሳያቸው "እኛም እኮ እዚሁ ዋኝተን ነው ያደግነው" አሉኝ። "እንግዲያው እርስዎም ይመርመሩ" አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ ትሉ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፣ ሲቆይ ጉበት ይጎዳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰገራ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ኩሬ ዳር ሲጸዳዳ ዝናብ እንቁላሉን ወደ ውሃው ያወርደዋል። የተፈለፈለው ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይራባል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሰው። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ከኩሬው ይራቅ። የኩሬውን ዳር አረም ስታነሱ ቦቲና ጓንት አድርጉ። የመታጠቢያ ውሃ ቀንድ አውጣ በሌለበት በርሜል ሁለት ቀን ሙሉ ይቆይ፤ እጩ በዚያ ጊዜ ይሞታል።

እንዶድን የጠየቃችሁኝ ልክ ናችሁ። ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ነው ያስተዋሉት። ግን ዓሣንም ይገድላል፤ ዓሣ ያለበት ኩሬ ውስጥ እንዳትጨምሩ።

ልጅ ሆዱን እያመመው ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የሚዋጥ መድኃኒት አለው። ድኖ ወደዚያው ኩሬ ከተመለሰ ግን እንደገና ይይዘዋል።