በገላ ሙቀት የሚረጋ መድኃኒት

ሱለይማኒያ፣ ሪያድ



ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ለሕክምና የሚውሉ አንዳንድ ፖሊመሮች ግን ተቃራኒ ናቸው፤ በውሃ ሟሙተው ሲቀዘቅዙ ይፈስሳሉ፣ የሰው ገላ ሙቀት ሲያገኛቸው ይረጋሉ። በመርፌ ወይም በካቴተር ፈሳሽ ሆነው ይገባሉ፤ በደረሱበት ቦታ ጄል ሆነው የያዙትን መድኃኒት ቀስ በቀስ ይለቃሉ።

ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው ፖሎክሳመር 407 ነው። ሞለኪዩሉ ሦስት ክፍል አለው፤ ሁለቱ ጫፎች ውሃ ይወዳሉ፣ መካከሉ ውሃ ይሸሻል። በቅዝቃዜ ጊዜ ውሃው መካከለኛውን ክፍል ከብቦ ይይዘዋል። ሙቀቱ ሲጨምር ይለቀዋል፤ መካከለኞቹ ክፍሎች ተሰባስበው ማይሴል የተባሉ ጥቃቅን እንክብሎች ይሠራሉ፤ እንክብሎቹ ሲጠጋጉም ፈሳሹ ይረጋል። 20 በመቶ ያህል ፖሎክሳመር ያለበት ውሃ በፍሪጅ ውስጥ ፈሳሽ፣ በ37 ዲግሪ ደግሞ ጄል ነው። ተመራማሪው ኧርቪንግ ሽሞልካ ይህን ጄል ለቃጠሎ ቁስል ማከሚያነት እ.ኤ.አ. በ1972 አቅርቦታል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የያዘ እንዲህ ያለ የጆሮ ጄል ፈቀደ። በጆሮ ታምቡራቸው ቱቦ ለሚገባላቸው ሕፃናት ሐኪሙ አንዴ እንዲሰጠውና ጠብታ መደጋገም እንዲቀር የታሰበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የተፈቀደው ጄልማይቶ ደግሞ ማይቶማይሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ይዞ ወደ ኩላሊት የሽንት መሰብሰቢያ ይገባል። ተራ ፈሳሽ ቢሆን ሽንት ወዲያው ያጥበው ነበር፤ ጄሉ ግን ለሰዓታት ይቆያል። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት ከ71 ሕሙማን በ58 በመቶው ዕጢው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል።

ሌላው ፖሊመር ፒኒፓም ነው፤ ባሕርዩ የሚለወጠው 32 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጃፓን እነቴሩኦ ኦካኖ የሕዋስ ማሳደጊያ ሳህንን በዚህ ፖሊመር ለበጡት። ሕዋሳቱ በ37 ዲግሪ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ሳህኑ ሲቀዘቅዝ ሳይቀደዱ እንደ ስስ ሽፋን ይላቀቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ከራሳቸው አፍ ሕዋስ በዚህ ዘዴ ያደገ ሽፋን ለ4 ሕሙማን የዓይን ብሌን ተተክሏል።

የፖሎክሳመር ጄል ድክመት በእርጥበት ቶሎ መሟሟቱ ነው። ለሳምንታት እንዲቆይ ሲፈለግ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚፈርሱ ሌሎች ፖሊመሮች ይመረጣሉ።

የልዑል ሱልጣን ወታደራዊ ሕክምና ከተማ ባለበት በሱለይማኒያም ሆነ በመላው ሪያድ የበጋ ቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ይህ ከሰው ገላ ሙቀት በላይ ስለሆነ እንዲህ ያለ መድኃኒት ሕመምተኛው ዘንድ ሳይደርስ በሲሪንጁ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ለአፋር ወይም ለጋምቤላ ቆላም ነገሩ ያው ነው። ቀማሚዎች ፖሎክሳመር 188 በመጨመር የመርጊያውን ሙቀት ከፍ ያደርጋሉ፤ ከ37 ዲግሪ ካሳለፉት ግን በሰውነት ውስጥም አይረጋም። ስለዚህ በሞቃት አገር መፍትሔው ቅመማው ብቻ አይደለም፤ ቅዝቃዜው ከመጋዘን እስከ ሕመምተኛው አልጋ ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። በመንገድ የረጋ ፖሎክሳመር ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይፈስሳል፤ በውስጡ ያለው መድኃኒት ሙቀቱን መቻል አለመቻሉ ግን በየመድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል።