በሬ ይጎትታል፣ አህያ ትሸከማለች

አገር ቤት የጭነት መኪና ሊገዛ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኩንታል ይጭናል?» ብሎ ነው። የሞተሩ ጉልበት፣ የጋቢናው ምቾት፣ የቀለሙ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። አይሱዙም ሆነ ሌላ፣ ነጋዴው የሚያውቀው በኩንታሉ ነው፤ ሊብሬው ላይም የጭነቱ ልክ ይጻፋል። ይኸው ሰው አሜሪካ መጥቶ፣ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ብድሩ ተፈቅዶለት ከባድ ፒክአፕ ለመግዛት ዲለር ቤት ሲገባ ግን ያ ጥያቄ ከአፉ ይጠፋል። በምትኩ ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ናፍጣ ሞተር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ስንት ይጎትታል?» ስለሚባለው ቁጥር ይወራል። የመጀመሪያው ጥያቄ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ከባድ ፒክአፕ መመረጥ ያለበት በሚሸከመው ልክ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይፈልገው ለናፍጣ ሞተር የሚከፍለውም፣ ከከፈለ በኋላ ከልኩ በላይ የሚጭነውም ይህ ቁጥር ስለተዘለለ ይመስለኛል።

በሬ ይጎትታል፣ አህያ ትሸከማለች። ሁለቱን ሥራ የሚያምታታ ገበሬ የለም። ፒክአፕ ግን ሁለቱንም ባንድ አካል እንዲሠራ የሚጠየቅ እንስሳ ነው፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የመጎተት አቅም በሞተር፣ በካምቢዮና በፍሬን ይወሰናል። የመሸከም አቅም ደግሞ በባሌስትራ፣ በአክስል፣ በጎማና በቸርኬ ነው። ኩባንያዎቹ የሚፎካከሩት በመጀመሪያው ነው። ፎርድ በ2023 ያወጣው ሱፐር ዲዩቲ እስከ 40,000 ፓውንድ ይጎትታል ተብሎ ማስታወቂያ ተነገረለት፤ ወደኛ ስናመጣው ከ180 ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ለአንድ የተወሰነ የኤፍ-450 ዓይነት፣ ካሶኒ ላይ በሚታሰር የጉዝኔክ መንጠቆ ለሚያያዝ ተሳቢ ብቻ የተሰጠ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ባለ አራት በር ኤፍ-250፣ ራም 2500 ወይም ሲልቨራዶ 2500 ከዚያ ቁጥር ጋር የሚዛመደው በዘር ብቻ ነው።

የመሸከሙ ቁጥር የት አለ? የሾፌሩን በር ከፍቶ ዓምዱን ማየት ነው። ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደታቸው 10,000 ፓውንድና ከዚያ በታች የሆኑ መኪኖች ሁሉ እዚያ ላይ ቢጫና ነጭ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ የሰውና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከዚህ ልክ እንዳያልፍ የሚል ዓረፍተ ነገር ከቁጥር ጋር ታትሞበታል። ብሮሹር ላይ የሚገኘው ቁጥር በዚያ ስም የሚጠራው የመኪና ዓይነት ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛው ነው፤ ይህች ወረቀት የምትናገረው ግን ፊት ለፊታችን ስለቆመው መኪና ነው። የቆዳ ወንበሩ፣ የጣሪያው መስታወት፣ አራቱ በሮች፣ አራቱንም ጎማ የሚያዞረው ማርሽ ሁሉ ክብደት ነው፤ ሁሉም ከዚያ ልክ ላይ ተቀንሷል። ስለዚህ መኪናው በተቀናጣ ቁጥር የሚሸከመው ይቀንሳል። ሻጩ ይህን አይደብቅም፣ ግን በሩን ከፍቶ የሚያሳይም አይመስለኝም።

በስሌት እንየው። ጠቅላላ የተፈቀደለት ክብደት 10,000 ፓውንድ የሆነ፣ የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ሙሉ ምቾት የተገጠመለት ባለ አራት በር ፒክአፕ ታንኩ ሞልቶ ባዶውን 7,800 ፓውንድ ይመዝናል እንበል፤ በዚህ ዓይነት መኪና የተለመደ ነው። የሚቀረው 2,200 ፓውንድ፣ አሥር ኩንታል ገደማ ነው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር 500 ፓውንድ ይሆናሉ። ካሶኒው ላይ የሚታሰረው የጉዝኔክ ወይም የፊፍዝ ዊል መንጠቆ 200፣ የመሣሪያ ሣጥንና ልዩ ልዩ ዕቃ 200 ይጨምራሉ። የቀረው 1,300 ፓውንድ ብቻ ነው። ካሶኒ ላይ የሚያርፍ ተሳቢ ደግሞ ከራሱ ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን የሚጥለው በጎታቹ ጀርባ ላይ ነው። መካከሉን፣ 20 በመቶን፣ ብንወስድ 1,300 ፓውንድ የሚችለው 6,500 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ፣ ከነጭነቱ 30 ኩንታል የማይሞላ ነው። ያው መኪና ግን ወደ 20,000 ፓውንድ ይጎትታል ተብሎ ነው የተሸጠው። ከኋላ በኳስ መንጠቆ የሚያያዝ ተሳቢ ከሆነ የሚያሳርፈው ከ10 እስከ 15 በመቶ ስለሆነ ሁኔታው ይሻላል፤ ቢሆንም ያን ጊዜ መንጠቆው ራሱ የተሠራለት ልክ አለና ሃያ ሺው አሁንም ሩቅ ነው። ሞተሩ መጎተት አላቃተውም። ጀርባው ነው ያለቀው።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ክርክር አውቀዋለሁ። «ከዚያ በላይ ጭነው ዓመታት የሠሩ ሰዎች አሉ፣ ምንም አልሆኑም፤ ደግሞ ባሌስትራ መጨመር ወይም የአየር ከረጢት ማስገባት ይቻላል» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ኩባንያዎች ልክ ሲያወጡ መጠባበቂያ ይተዋሉ፤ 10,000 የሚለው ቁጥርም አንዳንዴ የሚመጣው ከብረቱ ድካም ይልቅ መኪናውን ከተወሰነ የሕግ መደብ በታች ለማቆየት ከመፈለግ ነው። የአየር ከረጢቱም የመኪናውን ጭራ በርግጥ ያነሳል። የማያነሳው የፍሬኑን፣ የአክስሉን፣ የጎማውን አቅም ነው። በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም በከረጢት አይለወጥም። የወገብ መታጠቂያ ያሰረ ተሸካሚ ቀጥ ብሎ ይቆም ይሆናል እንጂ ጉልበቱ አልተቀየረም። አደጋ ደርሶ ጠበቃ ወይም ኢንሹራንስ ሲጠይቅ ደግሞ «ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር» የሚል መልስ አያድንም። ምንም ያልሆኑት ሰዎች እውነት ምንም አልሆኑም፤ ነገር ግን ቁልቁለት ላይ፣ በዝናብ፣ ድንገት ፍሬን መያዝ ባስፈለገ ጊዜ አንድ ነገር የሆኑት ሰዎች ታሪካቸውን ለገዢ ሲመሰክሩ አይገኙም።

አሁን ወደ ናፍጣው እንምጣ፤ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነው። በከባድ ፒክአፕ ላይ ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ሞተር መሸጋገር ወደ 10,000 ዶላር ያስጨምራል። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ በመቶዎች በሚቆጠር ፓውንድ ይከብዳል። ስለዚህ ከ2500ው መደብ 10,000 ፓውንድ የሚል ጣሪያ ባላቸው መኪኖች ላይ፣ ይበልጥ የሚሸከመው ናፍጣው ሳይሆን ርካሹ ቤንዚን ነው። ብዙ ገዢ ይህን ሲሰማ አያምንም። «በነዳጅ ይካካሳል» የሚለውንም በቁጥር መሞከር ይቻላል። በዓመት 15,000 ማይል የሚነዳ ሰው እንውሰድ። ቤንዚኑ በጋሎን 12፣ ናፍጣው 16 ማይል ይሄዳሉ፤ ቤንዚን 3.20፣ ናፍጣ 3.80 ዶላር ነው እንበል። የቤንዚኑ ወጪ 4,000፣ የናፍጣው 3,560 ዶላር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ በዓመት 440 ዶላር ነው፤ አሥሩን ሺህ ለመመለስ ከ22 ዓመት በላይ ያስፈልጋል፤ የብድሩ ወለድ ሳይታሰብ። የነዳጅ ዋጋ እንደ ክፍለ ሀገሩ ይለያያል፣ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ያስገባ። ከ8,500 ፓውንድ በላይ የተፈቀደላቸው ፒክአፖች እንደ ትናንሾቹ መስኮታቸው ላይ የነዳጅ ፍጆታ ወረቀት እንዲለጥፉ ሕግ አያስገድዳቸውም፤ ስለዚህ ገዢው ይህን ሒሳብ ራሱ ካልሠራ ማንም አይሠራለትም።

ለማን ያዋጣል? ለሚጎትት፣ ብዙም ለሚጎትት። በዓመት 60,000 ማይል ተሳቢ አስሮ የሚሄድ ሰው፣ ቤንዚኑ 8፣ ናፍጣው 11 ማይል በጋሎን ቢሰጡት፣ በዚያው ዋጋ በዓመት 3,270 ዶላር ገደማ ይተርፈዋል። ሦስት ዓመት ገደማ ላይ ናፍጣው ዋጋውን መለሰ። ተራራ ሲወጣ የናፍጣ ጉልበት፣ ሲወርድ ደግሞ የሞተሩ ፍሬን የሚሰጠውን ዕረፍት ስንጨምር የዚህ ሰው ምርጫ ግልጽ ነው። ለሌላው፣ ማለትም ሳምንቱን ሙሉ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራ ለሚሄድና በወር አንድ ቀን ሣር ማጨጃ ለሚጭን፣ ናፍጣው ከወጪ አልፎ በሽታ ነው። ከ2007 ወዲህ የተሠሩት የናፍጣ ፒክአፖች የጭስ ማጣሪያ አላቸው፤ ማጣሪያው የሚጸዳው ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረጅም መንገድ ሲሄድ ነው። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ ሰው ማጣሪያው ጥቀርሻ እየሞላ ያስቸግረዋል። ዴፍ የሚባለው ፈሳሽ ይሞላል፣ የነዳጅ ማጣሪያ በየጊዜው ይቀየራል፤ የ6.7 ሊትሩ ናፍጣ ሞተር ዘይት ሲቀየር ከ12 ኳርት ያላነሰ ይጠጣል። የጭስ ማጣሪያውን አስወጥቶ መገላገል ይቻላል የሚሉ አሉ፤ የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የሚከለክለው ነው፣ በቅጣት።

«ናፍጣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ሲሸጥም ዋጋ ያወጣል» የሚለው ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ ነው፣ አላጣጥለውም። ከሚንስ ሞተር ከ1989 ሞዴል ጀምሮ በዶጅ ራም ውስጥ ሆኖ ስሙን ያተረፈው በከንቱ አይደለም። ሲሸጥም ከተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ላይ ጥቂት የማይባለው ይመለሳል። ግን ረጅም ዕድሜ የሚጠቅመው ዕድሜውን ለሚጨርሰው ነው። በስድስት በሰባት ዓመት መኪና የሚለውጥ ሰው፣ በዓመት አሥራ አምስት ሺህ ማይል እየነዳ፣ መኪናውን የሚሰናበተው በመቶ ሺህ ማይል አካባቢ ነው፤ እዚያ ድረስ ደህና የተያዘ የቤንዚን ሞተርም ይደርሳል። ለሁለተኛው ባለቤት ዕድሜ ገንዘብ መክፈል ደግነት ካልሆነ በቀር ንግድ አይደለም።

በትራክ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና ስለ ሆትሾት አንድ ነገር ልበል። ከባድ ፒክአፕ ገዝቶ፣ ተሳቢ አስሮ፣ ያለ ሲዲኤል፣ ማለትም ያለ ንግድ መንጃ ፈቃድ፣ መሥራት ይቻላል የሚለው ወሬ እውነትነት አለው። ፒክአፑና ተሳቢው የተፈቀደላቸው ክብደት ተደምሮ ከ26,000 ፓውንድ ካላለፈ ሲዲኤል አይጠየቅም፤ ለዚህ ነው 14,000 ፓውንድ መኪናና 12,000 ፓውንድ ተሳቢ የሚጣመሩት። ወሬው የሚያስቀረው ሌላውን ነው። ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ለንግድ የሚሄድ ጥምር ከ10,000 ፓውንድ ካለፈ የዲኦቲ (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር፣ የሐኪም ማስረጃና የሥራ ሰዓት ደንብ ይመለከተዋል፤ የሰው ዕቃ በክፍያ ለማጓጓዝ ደግሞ በፌዴራል ሕግ ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ከዚያ የተሳቢው ባዶ ክብደት ከአሥራ ሁለቱ ሺህ ላይ ይቀነሳል። ብዙውን ጊዜ የሚከፈልበት ጭነት ከታሰበው ያነሰ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ይህም ያው የጀርባ ሒሳብ ነው።

እንግዲህ «ትልቁን ገዝቶ መገላገል አይሻልም?» ለሚለው፣ በከፊል አዎ እላለሁ። ከባድ ፒክአፕ በርግጥ የሚያስፈልገው ሰው 2500ውን ከናፍጣ ጋር ከመውሰድ ከሱ በላይ ያለውን መደብ፣ 3500ውን፣ ቢያይ ይሻለዋል። መልካቸው አንድ ነው፣ የዋጋቸው ልዩነት ከሞተሩ ልዩነት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ጀርባው ግን ይሰፋል። ከኋላ አራት ጎማ ያለው ደግሞ ጭነት ላይ እንደ ድንጋይ ይጸናል። ዋጋው በሌላ ይመጣል፦ ስድስት ጎማ መለወጥ አለ፤ በአንድ መስመር ሁለት መኪና የሚያቆም ሰው መምሰል አለ፤ ባዶውን ሲሄድ ጠንካራው ባሌስትራ የጉድጓዱን ሁሉ ስም ያስጠራል። በዋሽንግተን ዲሲ ምድር ቤት ጋራዥ ውስጥ ጣሪያውን እያዩ መግባትም አለ። ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሆነ መኪና ለንግድ ሲገዛ ስለሚገኘው የግብር ቅነሳ በታኅሣሥ መጨረሻ የሚወራውም ይህን ሒሳብ አይለውጠውም፤ ቅነሳው የሚቀንሰው ግብር የሚከፈልበትን ገቢ ነው እንጂ መኪናውን በነጻ አይሰጥም። ገቢው ትንሽ የሆነ ሰው ለቅነሳ ብሎ ሰማንያ ሺህ ዶላር ቢበደር፣ ያተረፈው ጥቂት፣ ዕዳው ግን ሙሉ ነው።

ሰው ግርማ ሞገሱን ወዶ ቢገዛ አልፈርድበትም። ፒክአፕ ያምራል፤ ሠርግ ላይ ሲቆምም ያምራል። ብቻ ግርማውን ወዶ የገዛ ሰው «ለሥራ ነው» ብሎ ራሱን ባያሞኝ፣ ያን ጊዜ ቤንዚኑን ወስዶ አሥሩን ሺህ ኪሱ ውስጥ ያስቀር ነበር።

በሩ ላይ ያለችው ወረቀት አንድ ጉድለት አለባት። ከ10,000 ፓውንድ በላይ የተፈቀደላቸው መኪኖች ያንን ዓረፍተ ነገር እንዲለጥፉ አይገደዱም፤ እዚያ የሚገኘው ጠቅላላው የተፈቀደ ክብደትና የእያንዳንዱ አክስል ልክ ነው። ስለዚህ 3500 የሚገዛ ሰው ቅነሳውን ራሱ መሥራት አለበት። ትራኮች የሚያርፉበት ማደያ ካት ስኬል የሚባል ሚዛን አለ። ታንክ ሞልቶ፣ መንጠቆውን አስሮ፣ ቤተሰቡን ጭኖ እላዩ ላይ መቆም ነው፤ የሚከፈለው ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም፣ የሚሰጡት ወረቀት የፊቱን አክስልና የኋላውን ለየብቻ ያሳያል። ያገለገለ መኪና ከሆነ ከመፈረም በፊት፣ ለሙከራ በተሰጠችው ግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ባዶውን ማስመዘን ይቻላል። ሻጩ ምን ልትሠራ ነው ብሎ ቢደነቅ ይደነቅ።