ለአባዬ የቀዳሁት ፉጨት

«ቲቸር፣ እንግሊዝ አገር ሄደህ አንድ ፎቶ እንኳን አትለጥፍም?» ላላችሁኝ ይኸው፣ ከፎቶው በፊት ወሬው ይቅደም።

ክረምቱን ለንደን እህቴ ዘንድ ነበርኩ። «ምን ማየት ትፈልጋለህ?» ስትለኝ «ባቡር» አልኳት። «ባቡርማ በየቀኑ እየተሳፈርክ አይደል እንዴ!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ኬንት በሚባለው አውራጃ ከሃይዝ ከተማ ተነስቶ ዳንጀነስ እስከሚባል የባሕር ጫፍ የሚሄድ፣ አሻንጉሊት የሚመስል ግን እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር አለ።

የሐዲዱ ስፋት 38 ሳንቲም ብቻ ነው። የኛ የድሬው አሮጌ ሐዲድ አንድ ሜትር ነበር። ሐሳቡን የጠነሰሱት ካፒቴን ሃዊ እና ካውንት ዝቦሮውስኪ የሚባሉ ሁለት ሀብታም የመኪና ተወዳዳሪዎች ናቸው። ዝቦሮውስኪ በ1924 (በነሱ አቆጣጠር ነው) ጣሊያን፣ ሞንዛ ላይ ሲወዳደር ሞተ። ሃዊ ግን ነገሩን አልተወውም፤ በ1927 መስመሩ ተከፈተ። ዛሬ ርዝመቱ ከ21 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ፉርጎው ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የባሕር ዳርቻ ባቡር ተብሎ ባሕሩ ብዙም አይታይም። የሚታየው የሰው ጓሮ ነው። የተሰጣ ልብስ፣ የልጆች ብስክሌት፣ ሻይ እየጠጡ እጃቸውን የሚያውለበልቡ አሮጊት። ከዚያ በጎች የሚግጡበት ረግረግ ሜዳ ይመጣል። ዳንጀነስ ሲደረስ ደግሞ ጠጠር ብቻ! ዛፍ የለ፣ አጥር የለ፤ መብራት ማማ፣ የዓሣ አጥማጆች ጎጆዎች፣ ከኋላ ሥራ ያቆመ ግዙፍ የኒውክሌር ማመንጫ። አቦ፣ እንዲህ ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም።

እኔን የገረመኝ ግን ይኼ ነው። ይህች ሚጢጢ ባቡር ከ1977 እስከ 2015 ተማሪዎችን ኒው ሮምኒ ወዳለው ትምህርት ቤት ታመላልስ ነበር። ለጨዋታ አይደለም፣ በየቀኑ! «ባጃጅ አጣሁ» እያላችሁ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ትገቡ የነበራችሁ ልጆች ትዝ አላችሁኝ። እነዚያስ «ባቡሩ ዘገየ» ይሉ ይሆን?

አባቴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሠራተኛ ነበር። እኔም እንደሱ እንድሆን ይፈልግ ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ ስመጣ «መምህር ሆንክ፤ ደግ» ብሎ ዝም አለ። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ከዚራ ጉዳይ ቢኖረው እንኳ በጣቢያው ፊት ለፊት አያልፍም፣ ዞሮ ነው የሚሄደው። ስለ ባቡር ካወራን ዓመታት አልፈዋል። እንግሊዝ አገር ባቡር ላይ ልሳፈር መሆኔንም አልነገርኩትም ነበር፤ ቅር ይለው ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ሃይዝ ላይ ባቡሩ ሊነሳ ሲያፏጭ ሳላስበው በስልኬ ቀድቼው ነበር። ዳንጀነስ ጠጠሩ ላይ ተቀምጬ ብዙ ካመነታሁ በኋላ በቴሌግራም ላክሁለት። ምንም አልጻፍኩበትም።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ።

«ይሄ እንፋሎት ነው» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጠኝ።

«አዎ አባዬ።»

«እኔ ስቀጠር ናፍጣ ነበር። ይሄ የአያትህ ነው፤ እሱ ነበር እሳቱን የሚያነደው።» ዝም አለ። «ሐዲዱ ስንት ነው?»

«38 ሳንቲም።»

እንዲያ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። ውሃ የት ነው የሚሞላው? ነጂው ሽማግሌ ነው ወጣት? ዘይት የሚያጠጣው ራሱ ነው? ግማሹን መመለስ አልቻልኩም። «እንግዲያው ውረድና ጠይቀው እንጂ! ምን ያስቀምጥሃል?» ብሎ ተቆጣኝ።

ተነስቼ ሄድኩ። ነጂው እጁ በዘይት የጠቆረ ሽማግሌ ነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «አባቴ ድሬዳዋ ሆኖ ሊጠይቅህ ይፈልጋል» አልኩትና ስልኩን ወደሱ ዘረጋሁ።