የእጅ ጽሑፍ የሚመስል ፊደል

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የሠርግ ጥሪ ሊያሳትም የሚመጣ ሰው «የእጅ ጽሑፍ የሚመስለውን ፊደል አድርግልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። ካርዱ በመቶዎች ይባዛል፤ ደጋሹ ግን እያንዳንዱ ተጋባዥ ለብቻው የተጻፈለት እንዲመስለው ይሻል። ምኞቱ የዋህ ነው፤ ደግም ነው።

የላቲኑ ፊደል ይህን ምኞት የሚፈጽመው ብዙውን ጊዜ ሆሄያቱን እርስ በርስ እያያያዘ ነው። የእኛ ፊደል ግን አይያያዝም፤ እያንዳንዱ በእግሩ ይቆማል። የብራና ጸሐፊ መስመሩን በወስፌ አስምሮ፣ በመቃ ብዕር አንዱን ጭረት አወፍሮ ሌላውን አቅጥኖ የሚጽፈው ጽሕፈት ስሙ ራሱ «ቁም ጽሕፈት» ነው። እስክሪብቶ ሲመጣ ውፍረቱና ቅጥነቱ ጠፋ፤ ፊደሉም ዘመም አለ። በችኮላ ስንጽፍ የ«ቤ» ቀለበት ሳይገጥም ይቀርና «ቢ» ይመስላል፤ የጻፈውን ሰው የሚያውቅ ግን አይሳሳትም። ለእኔ የእጅ ጽሑፍ ማለት ይህ ነው፤ ከቃሉ በፊት ሰውየውን ማንበብ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ካገኘ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቋሚ ቁጥር አለው። የእጅ ጽሑፍ የሚያስመስል ሠዓሊም ከ200 የሚበልጡ ሆሄያትን አንድ በአንድ መሣል አለበት። ሆኖም አንድ ጊዜ የሣለው «ለ» ሺህ ጊዜ ቢታተም ያው «ለ» ነው። እጅ ግን ፍጹም አንድ ዓይነት «ለ» ሁለት ጊዜ ጽፎ አያውቅም።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከቡሬ ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ከዚያ በፊት ውል የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነበር። ከተማረች በኋላም የጻፈችው ብዙ አይደለም፤ የልጆቿን ስም፣ ያበደረችውን ብር፣ የበርበሬ ደንበኞቿን ስም። ፊደሎቿ ትልልቅ ናቸው፤ ወረቀቱን እስኪበሱት ድረስ ተጭና ነበር የምትጽፋቸው። ቀኝ እጇ ከዛለ አሁን ሁለት ዓመት ሆኗታል።

እኅታችን ስትዳር ታናሽ ወንድሜ «የእማማን እጅ ጽሑፍ የኮምፒውተር ፊደል እናድርገውና ጥሪው በእሱ ይታተም» አለ። ያገኘውን ደብተር ሁሉ በስልኩ አንሥቶ ሆሄያቱን ለቀመ፤ ስልሳ አልሞሉም። «ዠ» የለም፤ «ጰ» የለም፤ በልጆቿና በደንበኞቿ ስም ውስጥ ያልገጠማት ፊደል ሁሉ የለም። የጎደለውን አስመስሎ ሊሞላ ሲነሣ አልተስማማሁም። እሷ ያልጻፈችው «ጰ» የእሷ ነው ሊባል አይገባም ብዬ ተከራከርሁ፤ እሱ ደግሞ ካልሞላነው ይህ እጅ ከእሷ ጋር ያልፋል አለኝ። የሁለታችንም ነገር እውነት ነበረው።

እሷኑ ጠየቅናት። «ስሜን ጽፌዋለሁ፤ ስሜን አድርጉት። ሌላውን መኪናው ይጻፈው» አለች።

ጥሪው በተለመደው ፊደል ታተመ። «ጠሪ» ከሚለው ቃል ሥር ግን ከመሠረተ ትምህርት ደብተሯ የተነሣው ስሟ፣ ከመስመሩ እንደ ወጣ፣ እንደ ተጫነችው ተቀመጠ። ካርዱን የተቀበሉ የገጠር ዘመዶቻችን ከሁሉ አስቀድመው ጣታቸውን ያሳረፉት እሱ ላይ ነበር።