ከፓዲንግተን እስከ ቪክቶሪያ መናፈሻ
በአንድ የለንደን ቦይ ዳር የተደረገ ጉዞና ከትንሽ ጀልባ የተገኘ ትምህርት

ለንደንን ለመጐብኘት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ትልቁን ሰዓት፣ የቴምስን ድልድዮችና ቤተ መንግሥቱን ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደዚያ አልወስድዎትም። ጫማዎ የሚመች ከሆነ ከፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ ጀርባ ተነሥተን፣ የቦዩን ዳር ይዘን፣ በስተ ምሥራቅ እስካለው እስከ ቪክቶሪያ መናፈሻ ድረስ በእግራችን እንሂድ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ምንም ስለማይከፈልበት ለተማሪና ለአነስተኛ ደመወዝተኛ የሚስማማ ጉብኝት ነው።

በእጄ የያዝሁትን ሳጥን አይተው ምንነቱን ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። በውስጡ ያለው 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በባትሪ የሚሄድና ሰው ከዳር ሆኖ በራዲዮ የሚመራው የጀልባ ሞዴል ነው። አሻንጉሊት ነው ብለው አይናቁት። አንድ ጊዜ የሁለት ወር ቁጠባዬን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አቃጥሎብኛል። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ስንሄድ አጫውትዎታለሁ።

እነሆ ከፊታችን ያለው ውሃ በ1801 የተከፈተው የፓዲንግተን ቦይ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ጠባብና ረዣዥም ጀልባዎች በዳርና በዳር ታስረዋል። ሰዎች ይኖሩባቸዋል፤ ከጣራቸው ላይ የአበባ ማሰሮ፣ ብስክሌትና የማገዶ እንጨት ይታያል። ይህ ጸጥ ያለ ውሃ በመርከብ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስፍራ አለው ቢባል ማን ያምናል?

ከለንደን በስተ ሰሜን በሄንደን የሚኖር ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ የሚባል ገበሬ ነበረ። በዚያ ዘመን የእንፋሎት መርከቦች የሚሄዱት በጐንና በጐናቸው በሚዞሩ ትልልቅ መንኰራኵሮች ነበር። ስሚዝ ግን ቪቴ እንጨት ውስጥ እየዞረ እንደሚገባ ሁሉ፣ ከመርከብ በስተ ኋላ የሚዞር ጠመዝማዛ ነገር ውሃውን እየገፋ መርከብ ሊያስኬድ ይችላል ብሎ አሰበ። በ1835 በጠመዝማዛ ሞላ የሚሠራ ትንሽ የጀልባ ሞዴል ሠርቶ በኩሬ ላይ ሞከረው። በሚቀጥለው ዓመት የፈጠራ መብት አገኘና 6 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት ጀልባ አሠርቶ በዚሁ ቦይ ላይ ያስኬዳት ጀመር። እርግጥ ይህን ያሰበ እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ስዊድናዊው ጆን ኤሪክሰንም በዚያው በ1836 የራሱን ፈጠራ አስመዝግቧል።

የስሚዝ ፕሮፔለር ከእንጨት የተሠራና ሁለት ሙሉ ዙር የሚጠማዘዝ ነበር። በፌብሩዋሪ 1837 ጀልባዋ ስትጓዝ ፕሮፔለሩ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ እኩሌታው ተሰብሮ ወደቀ። ጀልባዋ ቆመች ይሉኛል? አልቆመችም፤ እንዲያውም ፍጥነቷ በግልጽ ጨመረ። ተሰብሮ የወደቀው ክፍል ውሃውን በከንቱ እየፈተገ የሞተሩን ጉልበት ይበላ ኖሯል። ስሚዝም ብልህ ሰው ነበርና በአጋጣሚው ሳያፍር ፕሮፔለሩን አሳጠረው። ይህችን ታሪክ ባውቅ ኖሮ ገንዘቤ ባልተቃጠለ ነበር።

አሁን ትንሿ ቬኒስ በሚባለው ስፍራ ወደ ሪጀንት ቦይ እንታጠፍ። ይህ ቦይ እስከ ቴምስ ወንዝ ድረስ ተሠርቶ ያለቀው በ1820 ነው። የምንረግጠው ጠባብ መንገድ የፈረሶች መንገድ ነበር፤ ጀልባዎቹን በገመድ የሚጐትቱት ፈረሶች ነበሩና። ከአራዊት ማቆያው በፊት የማክልስፊልድ ድልድይ ሲደርሱ የብረት ዐምዶቹን ይመልከቱ። ገመዱ ለብዙ ዓመት እየፈተጋቸው ቦርቡሯቸዋል። በ1874 ባሩድ የጫነች ጀልባ ከሥሩ ፈንድታ ድልድዩን አፈረሰችው፤ እንደ ገና ሲሠራ ዐምዶቹ ዞረው ስለ ቆሙ የገመዱ ጠባሳ ዛሬ በሁለቱም ጐን ይታያል።

እነዚያ ፈረሶች ከባዱን ጭነት ቀስ ብለው የሚጐትቱ ነበሩ። በአገራችንም የጭነት ፈረስና የጉግሥ ፈረስ አንድ እንዳይደሉ ያውቃሉ። ጀልባም እንዲሁ ነው። ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄደው ከባድ ጀልባ ቀስ ብሎ የሚዞር ሰፊ ፕሮፔለር ይፈልጋል፤ ሞተር ቢጨምሩለት ማዕበሉ ይበዛል እንጂ ብዙ አይፈጥንም። ከውሃው በላይ ተንሳፎ የሚበረው ቀላል ጀልባ ግን በፍጥነት የሚዞር አነስተኛ ፕሮፔለር ይሻል። ስለዚህ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት ጀልባዎ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ይወስኑ።

ካምደን ደርሰናልና በውሃ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳጥኑን እንክፈት። ይህ ሞተር የድሮው ዐይነት አይደለም። የድሮዎቹ ካርቦን የሚባለው እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍባቸው ስለ ነበሩ ካርቦኑ ያልቃል። ይህ ግን ካርቦን የለውም፤ ሦስት ሽቦዎቹን ተራ በተራ የሚመግበው የኤሌክትሮኒክ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው። ከጐኑ የተጻፈውን 2,000 የሚል ቍጥር አዩት? ትርጕሙ ሞተሩ ያለ ጫና ሲዞር ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 2,000 ዙር ይዞራል ማለት ነው። ባትሪዬ 11.1 ቮልት ስለ ሆነ ሲባዛ 22,200 ዙር ይሆናል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ከዚህ ይቀንሳል። ብዙ ሰዎች ቍጥሩ ሲበዛ ሞተሩ የበረታ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ቍጥሩ የሚናገረው ስለ ዙር እንጂ ስለ ጉልበት አይደለም።

ፕሮፔለሩ ደግሞ ሁለት ልክ አለው። አንደኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ስፋት ነው፤ የዚህ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ባለሙያዎች ፒች የሚሉት፣ በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊራመድ የሚገባው ርቀት ነው፤ የዚህ 56 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ ውሃ ውስጥ በደቂቃ 20,000 ጊዜ ቢዞር፣ በ56 ሚሊ ሜትር ሲባዛ በደቂቃ 1,120 ሜትር፣ በሰዓትም 67 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ውሃ እንደ እንጨት ጠንካራ ስላልሆነ ፕሮፔለሩ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ እውነተኛው ፍጥነት ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም ሒሳቡ የማይቻለውን ከመመኘት ያድናል።

ከካምደን ተነሥተን ኪንግስ ክሮስን አልፈን ካሌዶንያን ጐዳና ደረስን። እዚህ አጠገብ ድሮ ከኖርዌይ በመርከብ የመጣ በረዶ ይከማችበት በነበረ ቤት ውስጥ የለንደን የቦይ ሙዚየም አለ። ከቦዩ ወጥተው በጐዳናው ጥቂት ቢራመዱ ደግሞ የበርበሬና የቡና ሽታ ይቀበልዎታል፤ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች አሉና። እንጀራችንን ቆርሰን ስንበላ የውድቀቴን ታሪክ ልንገርዎት።

ጀልባዬን እንደ ገዛሁ በ40 ሚሊ ሜትሩ ፕሮፔለር ደኅና ትሄድ ነበር። እኔ ግን የሌላ ሰው ጀልባ ስትቀድማት አይቼ ቀናሁ። ሄጄ 48 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕሮፔለር ገዛሁ። ስምንት ሚሊ ሜትር ምን አላት? ከጤፍ ፍሬ ጥቂት ትበልጥ ይሆናል ብዬ ነበር። በአንድ ኩሬ ላይ ለቀቅኋት፤ እንደ ቀስት ተወረወረች፤ ጓደኞቼም አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳያልቅ ከክዳኗ ሥር ነጭ ጢስ ወጣ፤ ከኩሬው መካከልም ቆማ ቀረች። ነፋስ እየገፋ ወደ ዳር እስኪያመጣት አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። ሞተሩም መቆጣጠሪያውም ተቃጥለዋል። አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ሞተርህ ሰነፍ አይደለም፤ ያሸከምኸው ነው የበዛበት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሒሳቡን የተማርሁት። ዙሩ ሳይለወጥ ቅርጹ አንድ ዐይነት የሆነ ፕሮፔለር ቢሰፋ፣ የሚፈልገው ጉልበት ስፋቱ አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ይጨምራል። ከ40 ወደ 48 ሲኬድ ስፋቱ አንድ አምስተኛ ብቻ ይጨምራል፤ የሚጠየቀው ጉልበት ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል። ወደ 42 ብሄድ ኖሮ እንኳ ከሩብ በላይ ይጨምር ነበር። ሞተሩ ይህን ሊሰጥ ሲያቅተው ዙሩ ይወርዳል፤ ከባትሪው ግን አምፔሩን አብዝቶ ይስባል፤ ትርፉም ሙቀት ይሆናል። አውቶቡስ የእንጦጦን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ልውጣ ቢል የሚደርስበትን ያውቃሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ሆነብኝ።

ቀጥለን የኢዝሊንግተን ዋሻ ነው። ርዝመቱ 878 ሜትር ሲሆን በውስጡ የእግር መንገድ የለውም፤ ስለዚህ እኛ ከላይ በከተማው መካከል እንሻገራለን። ድሮ ፈረሶቹም እንዲሁ ከላይ ይሻገሩ ነበር፤ ጀልባዎቹን ግን ሰዎች በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግራቸውን ከዋሻው ግድግዳ ላይ እያሳረፉ በጨለማው ውስጥ ይገፏቸው ነበር። በ1826 በእንፋሎት የሚሠራ ጐታች ጀልባ መጥቶ ከዚህ ድካም አሳረፋቸው።

ወደ ቦዩ ዳር ተመልሰን ስንጓዝ፣ ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ለሆነ ሰው የሚበጀውን ልንገርዎት። ከትንሹ ፕሮፔለር ይጀምሩ። ጀልባውን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ አስኪደው ወደ ዳር ይመልሱት፤ ባትሪውን ነቅለው ሞተሩንና መቆጣጠሪያውን ይዳስሱ። እጅዎ ሊቆይበት ካልቻለ ጫናው በዝቷልና ፕሮፔለሩን ይቀንሱ። ለብ ካለ ብቻ አንድ ደረጃ ይጨምሩ። ባትሪውንም ሲሞሉ ምን ያህል እንደ ጠጣ ያንብቡ፤ በሁለት ደቂቃ ጉዞ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ወጥቶ ከሆነ፣ ሞተሩ በአማካይ 60 አምፔር ስቧል ማለት ነው። በመነሻ ላይ ከዚያ ስለሚበልጥ መቆጣጠሪያው ሰፊ መጠባበቂያ ያለው ይሁን። እንዲህ ያለውን የሊቲየም ባትሪ ሲሞሉ ትተውት አይሂዱ፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ባትሪው ሳይነቀልም ወደ ፕሮፔለሩ እጅዎን አይስደዱ፤ ቢላዋ ነውና።

አሁን ቪክቶሪያ መናፈሻ ደረስን። ይህ መናፈሻ ለሕዝብ የተከፈተው በ1845 ነው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ራትለር የተባለችውን ባለ ፕሮፔለር መርከብና አሌክቶ የተባለችውን ባለ መንኰራኵር መርከብ ጀርባ ለጀርባ አስሮ አጓተታቸው፤ ራትለርም አሌክቶን ወደ ኋላዋ እየጐተተች ወሰደቻት። የሄንደኑ ገበሬ በኩሬ ላይ የጀመረው ነገር ከዐሥር ዓመት በኋላ በባሕር ላይ ድል አደረገ።

በመናፈሻው ውስጥ ባለው የሞዴል ጀልባዎች ኩሬ ዳር በ1904 የተቋቋመ የጀልባ ማኅበር አለ። ከውሃው ዳር ከቆሙት ሰዎች አንዱን ሳልጠይቅ ጀልባዬን አለቅም፤ ዳክዬዎችና ሕፃናት ባሉበት ፈጣን ጀልባ ያለ ፈቃድ መልቀቅ ነውር ነው። ሰውየው ወዲያና ወዲህ ተመልክተው፣ «አጭር ዙር ብቻ» አሉን።

እነሆ ሄደች። 40 ሚሊ ሜትሩ ነው የተገጠመላት፤ ትልቁን ለመታሰቢያ ከሳጥኑ ግርጌ አስቀምጬዋለሁ። አፍንጫዋን ከውሃው አንሥታ ስትበር ይታይዎታል? ሠላሳ ሰከንድ ሞላ፤ ትመለስ። ባትሪውን ነቅያለሁና እጅዎን ይስጡኝ፣ ሞተሩን ይዳስሱት። እንደ ቡና ስኒ ሞቅ ብሏል እንጂ አይፋጅም። እንግዲህ አንድ ዙር ደግሞ እንለምናቸው።