ከሳቁ በኋላ

አንባቢዬ ሆይ፤ አስተማሪ ስሕተቱን ለተማሪው መናገር ያፍራል፤ ለማያውቀው አንባቢ ግን መናገር ይቀለዋልና የእኔን ልንገርህ።

ባለፈው ዓመት በሒሳብ ትምህርት ሰዓት አንድ ተማሪዬ የደብተሩን ካሬዎች በእርሳስ እያጠቆረ ትንንሽ ሰዎች ሲሠራ ደረስሁበት። «ምንድን ነው ይህ?» ብለው፥ «የማስበው የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ መምህር» አለኝ። እኔም ደብተሩን ነጥቄ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት «ጨዋታ እንጀራ አይሆንም!» አልሁት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደብተሩ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአንድ የስኮትላንድ ኩባንያ ታሪክ ሳነብ ያ ሳቅ ትዝ አለኝ። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዘመኑም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የደንዲ ከተማ ቀድሞ የምትታወቀው ለጆንያ በሚሆነው የጁት ክር ፋብሪካዎቿ ነበር። ያ ሥራ ከደከመ በኋላ፥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፥ በከተማው የነበረው የታይሜክስ ሰዓት ፋብሪካ ሲንክሌር ስፔክትረም የተባለውን ርካሽ ኮምፒዩተር መገጣጠም ጀመረ። በዚያም ወራት ዴቪድ ጆንስ፥ ማይክ ዴይሊ፥ ራስል ኬይና ስቲቭ ሐመንድ የተባሉ ወጣቶች በኪንግስዌይ ቴክኒክ ኮሌጅ በሚሰበሰብ የኮምፒዩተር ወዳጆች ክበብ ተገናኙ።

ጆንስ በዚያው በታይሜክስ ሙያ የሚለማመድ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ በፈቃዱ ወጣ፤ በተሰጠውም የስንብት ገንዘብ አሚጋ የተባለ ኮምፒዩተር ገዛ። ኮሌጅ ገብቶ እየተማረ «ሜናስ» የተባለውን ጨዋታ ሠራ፤ በ1988ም ታተመለት። ኩባንያቸውን ዲ.ኤም.ኤ. ዲዛይን አሉት፤ የፊደሎቹንም ትርጕም «ምንም ማለት አይደለም» ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1989 አንድ ቀን፥ ለአንድ ጨዋታ የሚሆን ትንሽ ሰው ለመሣል ምን ያህል ቦታ እንደሚበቃ ክርክር ተነሣ። ዴይሊ በምሳ ሰዓት ተቀምጦ፥ ወርዱ 8 ቁመቱም 8 ነጥብ በሆነ ቦታ ውስጥ የሚራመዱ ሰዎች ሠራ። ምስኪኖቹ በሰልፍ እየሄዱ ከላይ በሚወርድ ክብደት ሲጨፈለቁ ያየ ሁሉ ሳቀ። ኬይ ግን ከሳቀ በኋላ፥ ከዚህ ነገር ጨዋታ ይወጣል አለ።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ በፌብሩዋሪ 1991 «ሌሚንግስ» ወጣ። ትንንሾቹ ፍጡራን ፊታቸው ገደል ቢሆንም ዝም ብለው ይጓዛሉ፤ ተጫዋቹ አንዱን ድልድይ ሠሪ፥ ሌላውን ቈፋሪ፥ ሌላውን መንገድ ዘጊ እያደረገ 8 ዓይነት ሙያ አከፋፍሎ ያድናቸዋል። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሆንህ አንባቢዬ፥ ይህ ጭንቀት እንግዳ አይሆንብህም!

አሁን ዓመቶቹን አስተያይልኝ። እንጀራው የታመነ ይመስል የነበረው የታይሜክስ ፋብሪካ ከመራራ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ በ1993 ተዘጋ። በ1997 ጆንስ የተማረበት ኮሌጅ፥ አበርቴይ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፥ በኮምፒዩተር ጨዋታ ሙያ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። በዚያው ዓመት ኩባንያው «ግራንድ ቴፍት ኦቶ»ን አወጣ፤ የመኪና ሌብነት የሚታይበት ስለ ሆነ በእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት እንኳ አነጋገረ፤ ለተማሪዎቼም አልመክረውም።

ነገሩ ሁሉ ማር ነው አልልህም። ኩባንያው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ፥ ወደ ኤዲንብራ ተዛውሮ፥ በ2002 ስሙ ሮክስታር ኖርዝ ሆነ። ጆንስ በኋላ ያቋቋመው ሌላ ኩባንያ በ2010 ወድቆ ብዙ ሠራተኛ ተበተነ። ቢሆንም በ2013 ደንዲ ለሦስት ትንንሽ ሌሚንጎች የነሐስ ሐውልት አቆመችላቸው።

ይህን ባነበብሁ ማግሥት ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣሁና፥ የነጠቅሁት በክፍሉ ፊት ነበርና በክፍሉ ፊት መለስሁለት። «እኔ እኮ ትቼዋለሁ፤ መምህር» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይቈረቍረኛል። «እንግዲያው ለእኔ አስረዳኝ፤ ይህ ሰውዬ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና ጣቱን በገጹ ላይ አሳርፎ ጀመረ።

አንተም አንባቢዬ፥ ታናሽ ወንድምህ ወይም የሥራ ጓደኛህ አንድ ትንሽ ነገር ሠርቶ ቢያሳይህ፥ ቢያስቅህ ሳቅ። ከሳቅህ በኋላ ግን ጠይቀው።