ሽታው ሄደ፣ ሱሱስ?



በዚህ ወር ልናወጋችሁ የፈለግነው «ሲጋራ ትቻለሁ» እያሉ ቬፕ ወደሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ስለተሻገሩ ወንድሞቻችን ነው። ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ የሚመስለው ካለ አመሻሹ ላይ በደሴ ፒያሳ ዞር ዞር ይበል፤ ወይም ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የጭነት መኪኖች የሚያድሩበትን ሠፈር ይመልከት።

አንድ የሥራ ባልደረባ አለን። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አጭሷል። ሱብሒን በጀመዓ ለመስገድ የሚተጋ፣ ለሰው አዛኝ የሆነ ወንድም ነው። ሆኖም መስጊድ ሲገባ ሁልጊዜ የሚቆመው ከመጨረሻው ሶፍ ጥግ ነበር። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው በሽታው ሌላውን እንዳያስቸግር ከመስጊድ እንዲርቅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙትን ከልጅነቱ ተምሮታልና ይሳቀቅ ነበር። አምና ከውጭ አገር የመጣ ዘመዱ ቬፕ ሰጠው፤ ሲጋራውንም ወረወረ። አሁን የሚሰግደው ከፊተኛው ሶፍ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ» አለን።

ለመሆኑ ተገላግሏል?

በአንድ በኩል እውነቱን ነው። ሲጋራ ሲጨስ ትምባሆ ይቃጠላል። በጢሱ ውስጥ ከ7000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ከእነዚህም 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። በቬፕ ግን የሚቃጠል ቅጠል የለም። ባትሪው ፈሳሹን ያሞቀዋል፣ ሰውየውም እንፋሎቱን ይስባል። ሲጋራን ጨርሶ ትቶ ወደ ቬፕ ለተሻገረ አጫሽ ጉዳቱ እንደሚቀንስ ብዙ ሐኪሞች ይናገራሉ። ይህን ብንክድ ወንድማችንን እናስኮርፈው እንደሆነ እንጂ አንረዳውም።

ነገር ግን ሰውን በሱስ የሚያስረው ኒኮቲን ነው፤ እርሱ ደግሞ ከቤት አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር በ886 አጫሾች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ቬፕ ከተሰጣቸው መካከል ከዓመት በኋላ ሲጋራ ትተው የተገኙት 18 ከመቶ ሲሆኑ፣ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ የመሳሰለው ከተሰጣቸው 9.9 ከመቶ ነበሩ። ይህን የቬፕ ወዳጆች ደጋግመው ያወሩታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ግን አያነሱትም፦ በቬፕ አማካይነት ሲጋራ ከተዉት 80 ከመቶው ዓመት አልፎም ቬፑን እየሳቡ ነበር። በፕላስተርና በማስቲካ ከተዉት መካከል ግን እነዚህን ሲጠቀሙ የተገኙት 9 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ደግሞስ እንግሊዝና ደሴ አንድ ናቸው? እዚያ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ኒኮቲን ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል። በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን መሸጥ ከልክሏል። ተደብቆ የሚሸጥ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ይመረምራል? እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተነሳው የሳንባ ሕመም በተከታዩ ዓመት የካቲት ወር ድረስ ከ2800 በላይ ሰዎችን አጥቅቶ 68ቱን ገድሏል። ከሕመሙ ጋር በዋናነት የተያያዘው ሐሺሽ ነክ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ሲሆን፣ አብዛኛውም ከመደበኛ ሱቅ ውጭ የተገዛ ነበር።

ይህ ወግ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጋያ የሚስቡ ሽማግሌዎች «ውሃው ያጠራዋል» ሲሉ እየሰማን ነው ያደግነው። ሺሻም ሲመጣ ይህንኑ ተባለለት።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። ያ የሲጋራ ሽታ ለካስ ዘብ ኖሯል! ባልደረባችን ልጆቹ ፊት አጭሶ አያውቅም፤ ብርድ ቢሆንም ዝናብ ቢዘንብም ከደጅ ይወጣ ነበር። ሲጋራ ደግሞ ማለቂያ አለው፤ በቀን አሥር ይላል፣ ይቆጥራል። ቬፑን ግን ሳሎን ተቀምጦ ከጧት እስከ ማታ ይስበዋል፤ ስንት ጊዜ እንደሳበ እርሱም አያውቅ። እንፋሎቱ ማንጎ ማንጎ ይላል። ባለቤቱ እንደነገረችን የስድስት ዓመቷ ልጃቸው «አባዬ፣ ለእኔም» ብላዋለች። በምናስተምርበት ክፍልም በእጁ ሲጋራ ነክቶ የማያውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህችኑ ዕቃ በኪሱ ይዞ አግኝተናል። ሕጉ እንኳን ቬፕን፣ ሲጋራንም ቢሆን ዕድሜው 21 ላልሞላ እንዳይሸጥ ይከለክላል።

ረመዳን ሲቃረብ ባልደረባችን «እንፋሎት ብቻ ስለሆነ ፆም ያበላሻል?» ብሎ ጠየቀን። አብረን ወደ አንድ ሸኽ ሄድን። ሸኻችን «ምንም ከሌለበት ለምን ትስበዋለህ ልጄ?» አሉት። ከዚያም ሆን ተብሎ የሚሳብ ነገር በመሆኑ እንደ ሲጋራው ሁሉ ፆም እንደሚያፈርስ አስረዱት። ትምባሆ በጥንቶቹ ዘመን የማይታወቅ ነገር ስለነበር ዑለሞች ብዙ እንደተከራከሩበት፣ ጉዳቱ ከተረጋገጠ ወዲህ ግን የዘመናችን ዑለሞች አብዛኞቹ ሐራም እንዳሉት ነገሩት። በኢንዶኔዥያ ሙሐመዲያ የተባለው ትልቅ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ቬፕን ሐራም ብሎታል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሲጋራን ያለ ምንም ምትክ የተወ አንድ የመኪና መካኒክ እናውቃለንና ባልደረባችንን ወደ እርሱ ይዘነው ወረድን። መካኒኩ ሁለት ረመዳን ሞክሮ አልሆነለትም፤ በሦስተኛው ተሳካለት። «ቀኑን ማንም ይችለዋል፤ እኔን ሲጥለኝ የነበረው ሌሊቱ ነው» አለን። ከኢፍጣር በኋላ ቴምርና ውሃ ቀምሶ በቀጥታ ወደ መስጊድ ይሄዳል። ቡና ሲጋራውን ስለሚጠራበት የመጀመሪያውን ሳምንት ቡና አልቀመሰም። ሦስቱ ቀን ራስ ምታትና ንዴት ነበረው፤ በአራተኛው ቀለል አለው። ሐኪሞችም የኒኮቲን ጥም የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ነው ይላሉ።

ባልደረባችን ቡናውን መተው አልሆነለትም። ለወሎ ሰው በረካውን ሳይጠጣ፣ ዱዓው ሳይደረግ መነሳት ቀላል ነገር አይደለም፤ አልፈረድንበትም። ብቻ ከመግሪብ በኋላ ቬፑን ለባለቤቱ ሊያስረክብ ተስማምቷል። እርሷም ከሣጥን ቆልፋ ቁልፉን ትይዛለች። ይህን እስክንጽፍ ድረስ ዘጠኝ ሌሊት ሆኖታል።